ጎረቤት የሌላት

ገና ስም ሲያወጡ ነው ያፌዙባት፤
የእሳተ ገሞራ ስም የለጠፉባት።
ማውንት ብራኬት አሏት፣ ግራጫ ቀብተው፣
ሆዷን እስካንገቷ በባሩድ ሞልተው።

እኔ ቆጣሪ ነኝ፤ እርሳስ ከጆሮዬ፣
በሰም ጨርቅ የጠቀለልኩት መዝገብ ከጉያዬ፤
የገባ የወጣውን በጭረት ከታቢ፣
የት እንደሚያርፍ ግን ያልሆንኩ አሳቢ።

ክልክል ነበር ክብሪት፣ ሚስማር ያለው ጫማ፣
የብረት ድምፅ እንኳ ከብረት ሲስማማ።
ሃንራሃን አለቃው፣ ያ ቀይ ጢሙ ጎፈር፣
«ለማስነጠስ እንኳ ፈቃድ ጠይቁ» ይል ነበር።

አርባ አንድ ቀን ውሃ፣ ከዚያም ውሃ፤
ቀለበት የመሰለ ደሴት፣ ዙሪያው የዛጎል በረሃ።
መርከቡ ሁሉ እዚያ ሰፍሯል፤
ጎን ለጎን ተጣብቆ ያወራል፣
ማታ ሲኒማ ያያል፣ አይስክሬም ይዋዋሳል።
የኛ ቦታ ግን ከሁሉ ርቆ፣
ከነፋሱ በታች፣ ቀይ ባንዲራ ሰቅሎ፣ ወሬ ናፍቆ።
ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላል ሰው፤
ለኛ ዘመዱም ሩቅ፣ ጎረቤቱም ሩቅ፤ የቱን ከየቱ እናወዳድረው?

ሲቸግራቸው ግን ይመጣሉ፣
ጎናቸው ጠቁሮ፣ መድፋቸው ተርቦ፣ «ቶሎ በሉ!» ይላሉ፤
ገመዱ ሳይጠብቅ፣ ወሬው ሳይጀመር፣
እንደ ባለዕዳ፣ ባበዳሪው ደጅ ብዙ እንደማይኖር።
የፖስታ ጀልባው እንኳ ሞተሩን አጥፍቶ፣
ከሩቅ ይወረውራል ከረጢቱን አንሥቶ።

አንድ ቀን ከረጢቱ ውስጥ የቶሊቨር ደብዳቤ ነበረ።
ሦስተኛው ጎተራ የሚሠራው፣
የሚሲሲፒው ሰው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ብዙ፣ ወሬው የተቆጠረ።
ሚስቱ ኦፓል ናት የጻፈች፦
«ሴት ልጅ ናት። ያለ ቀኗ መጣች።
በዓሣ ነጋዴው ሚዛን መዘንናት፤ አምስት ፓውንድ አልሞላች።»

አነበበው ቆሞ። አጥፎ ኪሱ ከተተ። ወረደ።

የአርባ ሚሊሜትር ጥይት፣ አንዱ፣ ከነቀለሁ፣
አምስት ፓውንድ አይሞላም። ይህን እኔ አውቃለሁ።
ከዚያች ቀን ወዲያ ግን
አንድ መዳፍ ከሥሩ፣ አንድ መዳፍ ካንገቱ፣
ከደረቱ አስጠግቶ፣ ደግፎ በክንዱ፣
ያቀብል ጀመረ።
በመጀመሪያው ቀን ሳቁበት።
በሁለተኛው ቀን የሳቀ የለም።
በሦስተኛው፣ ሃያ ሁለቱም ሰው፣
እንደ ክርስትና ልጅ ከክንድ ወደ ክንድ ሲቀባበለው
አየሁ። እርሳሴም ከጭረቱ ዘገየ፤
ይህኛው የማንን በር ያንኳኳ ይሆን እያለ።
አሳቢ አልነበርኩም፤ እጄ ነው ያሰበ።

አንድ ሌሊት ሰማዩ ጮኸ።
መርከቦቹ በጭስ ተከናነቡ፤
ከኛ ሊርቁ መልሕቃቸውን ሳቡ።
አውሮፕላኑ በላያችን ሲያልፍ ማንም አልጸለየ፣
ማንም አልተሳደበ፤ ከዚህ ሆድ ውስጥ፣ እሳት ካየው፣ ምን ለየው?
መብራቴን ወደ ጎተራው ሳወርድ
ቶሊቨር ተቀምጧል፣ ጉልበቱን አጥፎ፣
ሊያቀብላት የነበረችውን ታቅፎ፣
በሹክሹክታ እያባበለ፤
እንዳትነቃ።

ጦርነቱ ያለቀ ዕለት መዝገቤን ደመርኩ፤
ቁጥሩን ለማንም አልነገርኩ።
የተረፈውን ጥልቁ ላይ ጣሉ ተባልን።
ሃንራሃን ራሱ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ወርውሮ አሳየን።
ቶሊቨር አልወረወረም። በሆዱ ተኝቶ፣
ክንዱን ወደ ውሃው እስከ ብብቱ ዘርግቶ፣
ለቀቃት። አረፋ እንኳ አላወጣችም።
አለቃው አየ። ምንም አላለም።

ወደብ ስንገባ፣ ባዶ ሆዷን ይዛ፣
አንዲት የፍራፍሬ መርከብ ጎናችን ታሰረች፣ ሽታዋ ሙዝ፣ ጩኸቷ የበዛ።
ሌሊቱን ሙሉ አኮርዲዮን፣ ድስት፣ የሚጨቃጨቁ ሁለት ወንድማማቾች፣
ከዚያ ደግሞ ሳቅ።
ዓይናችን ሳይከደን ነጋ፤
«ዝም በሉ» ሊል ግን
አንድም ሰው አልተነሣ።